የዋግ ጽዋ፤ የጠላ ታሪክ በሰቆጣ ደብርና ቤት

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለው በዋግ ኽምራ ደጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ባለበት ስፍራ የሰንበቴ ቤት አይታጣም። በሰንበት ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ በዚያ ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ተባርኮ ይቈረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ድኃውና መንገደኛውም ሳይጠሩት ገብቶ ከዚያው ይካፈላል። ይህን መጠጥ በዚያ ሰዓት ጠላ ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ስሙ ጽዋ ነው። በአማርኛ ንግግርም ተዝካር ይበላል፤ ማኅበር ግን ይጠጣል። እገሌ የሚካኤልን ይጠጣል፣ እገሊት የማርያምን ትጠጣለች ሲባል ሰሚው ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። መጠጡ ከሥርዓቱ ጋራ እንዲህ እስኪዋሐድ ድረስ ያደረሰው ምን እንደ ሆነ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው። ይልቁንም ደብር ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት ወራት፣ ለሕዝቡ የሚቀርበው ጽዋ ከጋን ይቀዳ ወይስ በሣጥን ተጭኖ ይምጣ የሚል ክርክር በድግስ አሳቢዎች መካከል ሲነሣ፣ ያለፈውን ታሪክ ማወቅ ለፍርድ ይረዳል።

ጠላ በኢትዮጵያ ትናንት የመጣ መጠጥ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ዔዛና በአክሱም ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሕፈት ስለ ቤጃ ሕዝብ ይናገራል። 6 የቤጃ ነገሥታት ከነሕዝባቸው፣ ቍጥራቸው 4400 የሚሆን፣ ድል ሆነው ወደ ሌላ አገር ሲወሰዱ የተሰጣቸውን ስንቅ ሲዘረዝር እንጀራውንና ሥጋውን ካነሣ በኋላ የሚጠጡትን ጠላና ወይን ውኃም እስኪጠግቡ ድረስ እንደ ሰጣቸው ያስረዳል። በግሪክ ቋንቋ በተጻፈው ወገን መጠጡ የተጠራበት ቃል ግሪኮች የግብፅን የገብስ መጠጥ የሚጠሩበት ነው። እንግዲህ ከ1600 ዓመት በፊት ንጉሡ ለተሸነፈ ሕዝብ የሚያደርገውን ቸርነት ለትውልድ ሲያስነግር ጠላን ከስንቁ ጋራ በድንጋይ ላይ አስቈጠረ ማለት ነው።

በግዕዝ ጠላ ስዋ ይባላል፣ ጠጅም ሜስ ይባላል፤ የትግራይ ሰው እስከ ዛሬ ስዋ ሲል የሚናገረው በዚያው በአባቶች ቃል ነው። መልአኩ ለዘካርያስ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ የነገረው ቃል በግዕዝ ወንጌል ሲተረጐም ከወይን ጋራ የተከለከለው መጠጥ ሜስ ተብሎ ተጻፈ፤ ተርጓሚዎቹ ሕዝቡ የሚያውቀውን የአገሩን ብርቱ መጠጥ ስም ሰጡት። የቅኔ መምህራንም በእነዚህ ቃላት ሳይጫወቱ አልቀሩም። ጠላ የሚለው የመጠጥ ስም አልወደደም ከሚለው ጠላ ጋራ በድምፅ አንድ ስለ ሆነ ለሰምና ለወርቅ እጅግ የተመቸ ነው። መጠጥ መጥመቅና ሰውን ማጥመቅም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም በውኃ ውስጥ ማግባት ነውና። ጠማቂና አጥማቂ በአንድ ግሥ መገናኘታቸው ለተማሪው ሳቅ፣ ለመምህሩ ምሥጢር ይሆናል።

የዋግ አገር ጥንታዊ የአገው አገር ነው፤ ከሕዝቡም ብዙው እስከ ዛሬ ኽምጣና የሚባለውን ቋንቋ ይናገራል። ገዢዎቹ ዋግሹም እየተባሉ ይጠሩ ነበረ፤ ትውልዳቸውንም ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበረ። ከእነርሱ ወገን ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው፣ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም የዋግ ሹማምንትን ዐፅም ጠብቆ ያኖረ ነው። እንዲህ ባለ የባላባት አገር መጠጥም ማዕርግ ነበረው። በግብር ቤት ጠጅ ለመኳንንቱ፣ ጠላ ለጭፍራውና ለባላገሩ ይቀርብ ነበረ። ማር በግብር የሚገባ ስለ ሆነ ጠጅ መጣል ላገኘ ሁሉ የተፈቀደ ነገር አልነበረም። ዋግ በማሩ የታወቀ አገር ሆኖ ሳለ ማሩን የቈረጠው ገበሬ ጠጁን ሳይቀምስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበረ። ጠላ ግን ከራሱ ማሳ እህል፣ ከራሱ ጓሮ ጌሾ የሚወጣ ስለ ሆነ የገዛ ራሱ ነበረ። ሰንበቴና ማኅበር በጠጅ ሳይሆን በጠላ የጸኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል፤ ሁሉም በየተራው ሊያወጣው የማይችለው መጠጥ የሁሉ ጽዋ ሊሆን አይችልምና። ጌታና ሎሌ በአንድ ማኅበር ሲገኙ ጌታው ወደ ጠላው ይወርዳል እንጂ ሎሌው ወደ ጠጁ እንዲወጣ አይገደድም።

ሰቆጣ ደግሞ የገበያ ከተማ ነበረች። ከአፋር ቈላ፣ ከአርሆ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ በአህያም እየተጫነ ወደ ደጋው ሲመጣ ሰቆጣ ከታላላቆቹ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ነጋዴ ባለበት ማደሪያ አለ፤ ማደሪያ ባለበትም መሸታ ቤት አለ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ስለዚህ ነገር አስቀድመው ተናግረዋል። በሲኖዶስ ከሚገኙት የሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ ካህን በመሸታ ቤት እንዳይበላና እንዳይጠጣ ይከለክላል፤ መንገደኛ ሆኖ ማደሪያ ቸግሮት ቢገባ ግን አያስነቅፈውም። ይህን ቀኖና የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የተከለከለው ቤቱ ነው እንጂ መጠጡ አይደለም። በሰንበቴ ቤትና በመሸታ ቤት ያለው ጠላ ከአንዲት ሴት እጅ፣ ከአንድ ጋንም ሊቀዳ ይችላል፤ በሰንበቴ ቤት ግን ጠላው ዋጋ የለውም፤ ሰውም የሚጠጣው በኪሱ ልክ ሳይሆን አሳላፊው በቀዳለት ልክ ነው። አሳላፊውም አስቀድሞ በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ ራሱ ይቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ በማዕርግና በዕድሜ ቅደም ተከተል ይቀዳል። ጸሎት ይቀድመዋል፣ ጸሎት ይከተለዋል። መጠጡን ጽዋ የሚያሰኘው ይህ ሁሉ ነው።

ይሁን እንጂ የመሸታ ቤት ባለቤቶችን በአንድ ቃል መንቀፍ ፍርድ አይሆንም። በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ጠላ ሸጣ የምትኖረው ሴት ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት፣ የምታርሰው መሬት የሌላት ናት። ከእናቷ የተማረችው ሙያ በገንዘብ ሊለወጥላት የሚችለው አንድ በር ይህ ነው። ኮማሪት ብለው የሚሰድቧት ሰዎች ማታ በደጇ ይገኛሉ፤ ልጆቿንም ያስተማረችው በዚያው ገንዘብ ነው።

የማኅበሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ማኅበርተኞቹ ከቅዱሳን በአንዱ ስም ይሰበሰባሉ፤ በወር በወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም እየተባለ ይጠጣል። ቍጥራቸው ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ምሳሌ 12 ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ተራው ለያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል ማለት ነው። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የቀረውን የሚወቅስ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ እርሱ ነው። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከዛሬው ተረኛ ቤት ወደሚቀጥለው ተረኛ በመዝሙርና በእልልታ ይሸኛል። የተቀበለው ሰው በዚያች ሰዓት የወሩን ዕዳ ተቀበለ። ከማኅበርተኛው ጋራ የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይጠጣም፤ ስለዚህ በጋኑ ውስጥ ጠላው እስኪደርስ ድረስ በመንደሩ ውስጥ ዕርቁም መድረስ አለበት። የርስት ክርክር በዳኛ ፊት ዓመት ከፈጀ በኋላ በጽዋ ዋዜማ በሽማግሌ ያለቀበት ቤት በዋግ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው በሴቲቱ እጅ ነው። ገብሱ ይነከራል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ይበቅላል፣ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል፤ ብቅል የሚባለው ይህ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅሉና የተጋገረው ቂጣ ተፈርፍሮ ይጨመርበታል፤ ድፍድፍ ይሆናል። ከተቈላ እህል የተፈጨው ዱቄት በውኃ ታሽቶ በምጣድ ላይ ይበስልና እንኩሮ ይሆናል፤ እርሱም ከጌሾው እንጨት ጋራ ወደ ጋኑ ይገባል። በመጨረሻም ውኃ ይሞላበትና አፉ ይመረጋል። ከጥንስሱ እስከ መጠጡ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በደጋው ብርድ ግን ከዚያ ይዘገያል፤ ሴቲቱም ሌሊት ተነሥታ ጆሮዋን ወደ ጋኑ ታቀርባለች፤ ሲፈላ ድምፅ አለውና። ሳይጠልል የሚቀዳው ጉሽ ነው። ዋናው ካለቀ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮበት የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ይባላል፤ ሕፃናቱና የእርሻ ሠራተኛው ጥም ይቈርጡበታል። አተላው ለከብቱ ይሰጣል። በደጋው ገብስ፣ በቈላው በአበርገሌና በዝቋላ ወገን ማሽላ ይበዛበታል፤ ስለዚህ የዋግ ጠላ አንድ መልክና አንድ ጣዕም የለውም፤ አንዱ እንደ ቡና የጠቈረ፣ አንዱ እንደ ማር የነጣ ነው። ብርታቱም ከቤት ቤት ይለያያል፤ በመመርመሪያ ቤት የለኩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 ባለው መካከል አግኝተውታል።

የማኅበሩ መዝገብ በአብዛኛው የወንዶቹን ስም ይይዛል፤ ጽዋውን ያቆሙት ግን ሴቶቹ ናቸው። በደብር መታሰቢያ መጻሕፍት ስለ አለቆችና ስለ መሪጌቶች፣ ስለ ጕልላቱና ስለ ደወሉ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ እንጨት ስለ ተሸከሙት፣ ውኃ ስለ ቀዱት፣ በጢስ ዓይናቸው ስለ ታመመው ጠማቂዎች የተጻፈ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ የዋግን ረኃብ ሳያነሡ ማለፍ እውነትን ከፍሎ መናገር ነው። ጠላ የሚጠመቀው ከሚበላ እህል ነው። ዋግ ደግሞ ዝናም የሚያታልለው፣ አፈሩ የተራቈተ፣ ገደል የበዛበት አገር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ማሳው ጦም አደረ። በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ ረኃብ ገባ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤት በኮረም የተሰበሰበው ረኃብተኛ ሥዕሉ በዓለም ሁሉ ታየ፤ ከዋግ ተራራዎች የወረደው ሕዝብ በዚያ ነበረ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከምግብ እጥረት የተነሣ መቀንጨራቸው እንዲቀር ቃል ሲገባ ስሙን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ጠራው። የከተማዋ ስም በመንግሥታት ጉባኤ የሚነሣው ዛሬ በዚህ ነው፤ ለሰማው የዋግ ሰው ክብርም ሐዘንም ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች፣ ከሐኪሞችም ከካህናትም፣ እንዲህ ባለ አገር እህልን ወደ መጠጥ መለወጥ ኃጢአት ነው ይላሉ። ይህ ነቀፌታ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ የሚቀንጭር ሕፃን ባለበት ቤት ሁለት ጋን ጠላ መደርደር ለማንም የሚያስመካ ነገር አይሆንምና። ነገር ግን የጽዋው ሥርዓት ጽዋ ይኑር ይላል እንጂ ጋኑ ይህን ያህል ይሁን አይልም። ያጣ ተረኛ በቅራሪና በቆሎ፣ ከዚያም ካነሰ በውኃ ጽዋውን ቢያነሣ ማኅበሩ ሊያሳፍረው አይገባም፤ ጸሎቱም ስለዚህ አይጐድልም። ሥርዓቱን ያከበደው ፉክክር ነው። የዚህም ማስረጃ ተዝካር ነው። ባሏን የቀበረች ድኃ ሴት ሰው ምን ይለኛል ብላ ያረሰችበትን በሬ ሸጣ በአርባው ቀን ጋን ስትደረድር ልጆቿ የሚመጣውን ክረምት በምን ያርሳሉ? ለሙታን መጸለይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ በሬ መሸጥ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልታዘዘም። የወር ጽዋ ከዚህ ይለያል፤ ዕዳው በ12 ቤት የተከፈለ፣ መጠኑም በሙሴው የሚታወቅ ስለ ሆነ ማንንም አያደኸይም። እህል ለማዳን የሚሻ ሰው ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ተዝካሩ ይመልከት።

የጠርሙስ ቢራ ወደ ኢትዮጵያ ፋብሪካ ይዞ የገባው በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ በተቋቋመ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሰበታ ሜታ አቦ፣ በሐረርና በበደሌም ሌሎች ፋብሪካዎች ተተከሉ። በጎንደር ዳሸን በ1992 ዓ.ም. ተነሣ፤ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ብርሃንና በማይጨውም ፋብሪካ ቆመ። እንዲህ ሆኖ ዋግ በስተ ምዕራብም በስተ ምሥራቅም በቢራ ፋብሪካ ተከበበች፤ የጭነት መኪና መንገድ በደረሰበት ሁሉ ሣጥኑ ደረሰ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ በጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የፍቅር ስም የሆነው አቦም የመጠጥ ስም ሆኖ ይጠራል። ሥዕሉን በመቅደሱ መጋረጃ ላይ የሚሳለም ምእመን ያንኑ ሥዕል በጎዳና ጭቃ ውስጥ ሲረገጥ ያየዋል። ይህን ነቅፈው የተናገሩ ካህናት ብዙ ናቸው፤ ነቀፌታቸውም ልክ ነው። ጠላ ግን በቅዱሳን ስም በሚጠጣበት ማኅበር እንኳ የቅዱሱን ስም በጋኑ ላይ አልጻፈም።

መንግሥትም በበኩሉ ሕግ አውጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከለከለ፤ 21 ዓመት ላልሞላውም ሰው እንዳይሸጥ አዘዘ። ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የቢራ ዘፈን በበዓል ቀን ከመዝሙሩ ይልቅ በየቤቱ ይሰማ ነበረ።

ዛሬ በከተማ ካሉ ማኅበሮች አንዳንዶቹ ጠላውን ትተው ቢራና ለስላሳ መጠጥ በሣጥን ያቀርባሉ። ምክንያታቸው ሐሰት አይደለም። ሴቲቱ በመሥሪያ ቤት ወይም በሱቅ ትውላለች፤ እንጨት ተወድዷል፤ በኪራይ ቤት ጋን ማስቀመጫ የለም፤ ጐረቤቱም ጢሱን አይወድም። እናቶች ለዘመናት የተሸከሙትን ሸክም ልጆቻቸው ቢያቀሉት የሚነቅፍ ሰው ራሱ ጌሾ ወቅጦ ይሞክረው። ዳሩ ግን በለውጡ የሚታጣው ነገር ተመዝኖ መታየት አለበት። ጠርሙስ ይቈጠራል። ደጋሹ ለ12 ሰው 24 ጠርሙስ ይገዛል፤ አሥራ ሦስተኛው ሰው ከደጅ ሲመጣ ትርፉ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ሰውየውም ያውቀዋል። ጋን ግን እንግዳ አይቈጥርም። ከእርሱ ለ12 የሚቀዳው አሳላፊ ለ15ም ይቀዳል፤ ሁሉም በትንሽ በትንሹ ይጐድልበታል፤ ማንም አያውቀውም። የሰንበቴ ቤት በር ለድኃ ክፍት ሆኖ የኖረው በሰዎቹ ደግነት ብቻ ሳይሆን በመጠጡም ጠባይ ነው። ሁለተኛም ለሣጥኑ የሚከፈለው ገንዘብ በዚያው ቀን ከሰቆጣ ይወጣል፤ ለጌሾው፣ ለገብሱ፣ ለጋን ሠሪዋ የሚከፈለው ግን በሰቆጣ ገበያ ይዞራል። ጌሾ በመስኖ ዳር የተከለ ገበሬ ዝናም ቢያታልለው እንኳ ቅጠሉን ሸጦ እህል ይገዛል።

ይህ ነገር በዋግ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካዎች እርሾውን በእሳት ገድለው፣ አጥርተው፣ ጋዝ ሞልተው የሚልኩት ቢራ በበርሜል ውስጥ ሕያው ሆኖ የሚቀዳውን የድሮውን ቢራ ሊያጠፋው በደረሰ ጊዜ፣ በ1963 ዓ.ም. አራት ወዳጆች ተነሥተው የሚከላከልለት ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩም ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ሆነ፤ መልካም ቢራ የሚቀዳባቸውን ቤቶች ስም በየዓመቱ በመጽሐፍ ያትማል፣ የመንደር መጠጥ ቤት ሊዘጋ ሲል ይከራከራል። በቤልጅግም የትራፒስት መነኰሳት በገዳማቸው ቢራ ጠምቀው በሚያገኙት ገንዘብ ራሳቸውንና ድኆችን ይረዳሉ፤ የቤልጅግም የቢራ ልማድ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የጠላ እርሾም በጋኑ ውስጥ ሕያው ነው፤ ሰሚው ያስተውል። ልዩነቱ እንግሊዞቹ ለመጠጡ ብለው ማኅበር ማቆማቸው ነው፤ በዋግ ግን ከጥንት ጀምሮ መጠጡ ለማኅበሩ ቆሞ ኖሯል። ስለዚህ በሰቆጣ ስለ ጠላ የሚከራከር ሰው አዲስ ማኅበር መመሥረት አያስፈልገውም፤ በ12ና በ21 የሚሰበሰቡት ይበቁታል።

ያለፉት ዓመታት ለዋግ ጠማቂዎች የከበዱ ነበሩ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሰቆጣ ራሷ ተይዛ ነበረች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወገን የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብም ወደ እርሷ መጥቶ ተጠለለ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሳህላ ሰየምትና በሌሎችም ወረዳዎች ድርቅ ሆነ። ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት ልጇን ታዝላለች እንጂ ጋን ተሸክማ አትወጣም። ጋን በአንድ ቀን የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ አዲሱ ጋን ጠላውን ያፈሳል፣ የሸክላም ሽታ ይሰጠዋል፤ መልካም ጋን የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከታጠነና ከተጠመቀበት በኋላ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረሰውም ስለዚህ ነው። በእርሱ ፈንታ አሁን በየከተማው የሚታየው የፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ዋጋውም አይከብድም፤ ነገር ግን በወይራና በጥንጁት ጢስ ሊታጠን አይችልም፤ ይቀልጣልና። ስለዚህ ጠማቂዎቹ አንዳንዶቹ እንስራውን ብቻ አጥነው ከበርሜሉ የጠለለውን ጠላ በእርሱ ያሳድሩታል፤ በማግስቱ ሲቀዳ የጥንጁቱ ሽታ በመጠኑ ይገኝበታል።